ቫከን ላይቭ ምን ይመስላል ብለህ ለጠየቅከው፣ ጭቃው ውስጥ ከቆመች እህትህ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ትናንት ከሌሊት ተረኝነት ወጥቼ ባቡር ውስጥ አየሁት። እንቅልፍ ስላንገላታኝ ዛሬ ልመልስ ብዬ ተውኩት። የሥራ ጓደኞችህ ጀርመን ውስጥ ወዳለው የሄቪ ሜታል (የከባድ ሮክ) ሙዚቃ ፌስቲቫል «ዘንድሮ ቫከን አብረን እንሂድ» ብለውሃል፣ ቲኬቱ ከ300 ዩሮ በላይ ነው፣ አንተ ደግሞ ሙዚቃውን በኢርፎን ሞክረኸው ጩኸት ብቻ ሆነብህ። «ላይቭ ሲሆን ይለያል ወይ? ሐበሻስ እዛ ምን ይሠራል?» ነው ያልከው። ከመለሱልህ ሰዎች ግማሾቹ «የሰይጣን ነው ይቅርብህ» አሉ፣ ግማሾቹ ሳቁብህ። የሄደ ሰው ግን አልመለሰልህም። እኔ ሄጃለሁ፣ ሁለቴ፣ በ2023 እና በ2024 (በፈረንጅ ነው የምቆጥረው)። ረዘም ይላል፣ ቡናህን ይዘህ አንብበው።

አጭሩን ከፈለግክ፦ ይለያል። በኢርፎን የምትሰማው ባንዱን ብቻ ነው። እዛ ሕዝቡም ይጫወታል፣ አንዳንዴም ከባንዱ ይበልጣል።

የምኖረው ሃምቡርግ ነው፣ የምሠራው አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ። አብራኝ የምትሠራ አንዲት ጀርመናዊት አለች። ዕድሜዋ ከሃምሳ ያለፈ፣ ለሽማግሌዎቹ እንደ ልጅ የምታዝን፣ ሌሊት ሌሊት የመድኃኒት ጋሪውን እየገፋች አይረን ሜይደን የሚባለውን የእንግሊዝ ሜታል ባንድ ዘፈን የምታንጎራጉር። እውነቴን ነው፣ መጀመሪያ መዝሙር መስሎኝ ነበር። ምን እንደሆነ ስጠይቃት ስልኳን ሰጠችኝ፣ አዳመጥኩት፣ እንደ አንተው ራሴን አመመኝ። «እንደዚህ አይደለም የሚሰማው፣ አንድ ቀን እወስድሻለሁ» አለችኝ። ወሰደችኝ።

ቫከን የመንደር ስም ነው። ከሃምቡርግ ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ በባቡር እስከ ኢትሰሆ ሄደህ ከዚያ በአውቶቡስ ትደርሳለህ። ሁለት ሺህ ሰው ገደማ ይኖርባታል፣ ዙሪያዋ ላምና በቆሎ ነው። በ1990 ቶማስ የንሰንና ሆልገር ሁብነር የሚባሉ የአካባቢው ልጆች ስድስት ባንድ ሰብስበው ጀመሩት፣ የመጣው 800 ሰው ገደማ ነበር። ዛሬ 85,000 ሰው ይገባል። መንደሩ ግን ያው መንደር ነው። ሰዎቹ ግቢያቸው ውስጥ ጠረጴዛ ዘርግተው ቡናና ኬክ ይሸጣሉ፣ ልጆች ዕቃህን በጋሪ ጎትተው ሳንቲም ይለቅማሉ። የመንደሩ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ማርሽ ባንድ ሳይቀር መድረክ ላይ ይወጣል። ትራምፔትና ቱባቸውን ይዘው ሲነፉ ያ ሁሉ ጢማም ባለ ጥቁር ቲሸርት እንደ ሠርግ ታዳሚ ያጨበጭብላቸዋል። የፖሊስ ማርሽ በቲቪ ሲቀርብ አባቴ ቀጥ ብሎ የሚቀመጠው አቀማመጥ ትዝ አለኝ።

በ2023 ዝናቡ ከእኛ ቀድሞ ነበር የደረሰው። እኛ ሰኞ ስለገባን ተረፍን። ከዚያ መኪኖቹ ማጥ ውስጥ መስመጥ ጀመሩ፣ ገበሬዎቹ በትራክተር እየጎተቱ ያስገቡ ነበር፣ በመጨረሻ ረቡዕ ጠዋት አዘጋጆቹ በሩን ዘጉት። ወደ 50,000 ሰው ውስጥ ቀረን፣ የተቀረው ቲኬቱን እንደያዘ ከመንገድ ተመለሰ። ገንዘቡ ተመልሶለታል፣ ግን ከሌላ አህጉር በርሮ ለመጣ ሰው ገንዘቡ ምን ያደርግለታል። እኔ አዲስ አበባ፣ ኮብልስቶን ከመምጣቱ በፊት ነው ያደግኩት፣ ጭቃ አውቃለሁ ብዬ ነበር። አላውቅም። የቫከን ጭቃ እግርህን ይዞ አልለቅም ይላል። ከአንድ ርካሽ ሱቅ የገዛሁት ቦቲ በሁለተኛው ቀን ሶሉ ተገንጥሎ እዚያው ቀረ፣ በአንድ እግሬ ቆሜ የት እንደማርፍ ስፈልግ አንድ የማላውቀው ልጅ ጭቃው ላይ ተንበርክኮ ሶሌን ቆፍሮ አወጣና በማሸጊያ ፕላስተር ጠቅልሎ አሰረልኝ። ስሙን እንኳን አልነገረኝም። «ሜይደንን ባዶ እግርሽን አታዪም» ብሎኝ ሄደ።

ሐሙስ ማታ አይረን ሜይደን። ከመውጣታቸው በፊት ሁሌም በድምፅ ማጉያ የሚለቁት ዩ ኤፍ ኦ የሚባል የሌላ ባንድ ዘፈን አለ፣ «ዶክተር ዶክተር» የሚባል። እኔ ይህን አላውቅም። ዘፈኑ ሲጀምር አጠገቤ የቆመ ግዙፍ ሰውዬ ክንዴን ይዞ መዝለል ጀመረ። ምን ነካው ብዬ ሳየው «መጡ! መጡ!» ይለኛል። ይቅር ይበለኝና፣ ጥምቀት ላይ ታቦቱ ሊወጣ ሲል ሕዝቡ እንዴት ነው የሚነቃነቀው? እንደዚያ ነበር።

ዘፋኛቸው ብሩስ ዲኪንሰን 65 ዓመት ሊሞላው አራት ቀን ቀርቶታል። በ2015 የጉሮሮ ካንሰር ታክሞ የዳነ ሰው ነው፣ ከመድረኩ ጫፍ ጫፍ ይሮጣል። እኔን ግን የያዘኝ ያኔ ድራም ይመታ የነበረው ኒኮ ማክብሬይን ነው። 71 ዓመቱ ነበር። በዚያው ሰሞን ነው በጥር ወር ስትሮክ መትቶት ቀኝ ጎኑ ሽባ ሆኖ እንደነበር ያሳወቀው። የእኔ ሥራ ስትሮክ የመታቸው ሰዎች ማንኪያ መያዝ እንዲችሉ መርዳት ነው። በስድስት ወር ማንኪያ የያዘልን ሰው ካለ ለእኛ በዓል ነው፣ ኬክ እንቆርሳለን። ይኼ ሰውዬ በሰባተኛው ወሩ ሙሉ ኮንሰርት ይመታል። በትልቁ ስክሪን በመጣ ቁጥር ዓይኔን ከቀኝ እጁ ላይ መንቀል አቃተኝ። ሌላው ሰው ጊታር ሲያይ እኔ የእጅ አንጓ አያለሁ።

ከዚያ «አሌክሳንደር ዘ ግሬት» መጣ። ታላቁ እስክንድር፣ በግዕዝ ሳይቀር ታሪኩ የተጻፈለት የእኛው እስክንድር። ዘፈኑ የ1986 ነው፣ ግን ባንዱ እስከ 2023 ድረስ አንድም ቀን መድረክ ላይ ተጫውቶት አያውቅም። 37 ዓመት። ጓደኛዬ ካሴቱን የገዛችው በ15 ዓመቷ ነው። የመጀመሪያዎቹ ኖታዎች ሲሰሙ ዞር ብዬ አየኋት፣ የዝናብ ካፖርቷን ኮፍያ ወደ ኋላ ጥላ ዝናቡ ፊቷ ላይ እየወረደ ስቅስቅ ብላ ታለቅሳለች። ሞቶባት ነው የሚመስለው። ለሽማግሌዎቹ ሞት እንኳን እንደዚያ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም። ምንም አላልኳትም፣ እጇን ያዝኩ፣ በዘጠኝ ደቂቃው ውስጥ አንዴም አልለቀቀችኝም። ዘፈኑን በኢርፎን ሰምቼው ረጅምና አሰልቺ ብዬ አልፌው ነበር እኮ።

«ፊር ኦፍ ዘ ዳርክ» ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ታያለህ። ግጥሙን ሁሉም ያውቃል፣ እሱስ ምን ይደንቃል። እነዚህ ሰዎች የጊታሩንም ዜማ ይዘፍኑታል። ቃል የለውም፣ «ኦ ኦ ኦ» ብቻ፣ ጭቃ ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚቱ የሰመጠ ሃምሳ ሺህ ሕዝብ ባንድ ድምፅ። እኔም ዘፈንኩ። ከመቼ ጀምሮ እንደማውቀው እንጃ፣ ከመድኃኒት ጋሪው የለመድኩት ይሆናል።

አንድ ነገር ልምከርህ፣ ፊት ለፊት ልቁም ብለህ አትጋፋ። ፊት ላይ ድምፁ ደረትህን ይመታሃል እንጂ ዘፈኑን አትሰማውም። የድምፅ ባለሙያዎቹ ማማ አጠገብ ቁም፣ እነሱ የሚያስተካክሉት እነሱ ጋ በሚሰማው ልክ ነው። ኋላ ከሆንክ ደግሞ ንፋሱ ጊታሩን አንዴ ያመጣዋል አንዴ ይወስደዋል። ሁለቱ ትልልቅ መድረኮች ጎን ለጎን ናቸው፣ አንዱ ላይ ሲዘፈን ሌላው ላይ ዕቃ ይሰካል፣ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይጀምራል። መሀል ላይ የቆመ ሰው አንገቱን ብቻ ነው የሚያዞረው። ቦታህን ከያዝክ ደግሞ ሽንት ቤት መሄድ የለም፣ ቀድመህ አስብበት።

ወደ ጩኸቱ ልመለስ፣ ዋናው ቅሬታህ እሱ ነውና። የሚያገሳው ድምፅ እኔም ይከብደኝ ነበር። አንድ ከሰዓት ትንንሾቹ መድረኮች ባሉበት ድንኳን ውስጥ፣ ስሙን በቅጡ ያልያዝኩትን ባንድ ሳይ ነው የገባኝ። ዘፋኙ እያገሳ መድረኩን ወዲያ ወዲህ ይመላለስበታል፣ ደረቱን ይነፋል፣ ያቆማል፣ አሁንም ይጀምራል። ቆይ ይህን ሰውዬ የት ነው የማውቀው ስል፣ አጎቴ ነው! በሠርግ ላይ ጠጅ ቀመስ ሲያደርግ «ዘራፍ!» ብሎ የሚነሳው። ፉከራ ለማያውቀው ፈረንጅ በጆሮ ማዳመጫ ብቻ ብታሰማው እሱም ጩኸት ነው የሚልህ። ሰውዬውን ቆመህ ስታየው፣ ጦሩን ሲሰብቅ፣ ዓይኑ ሲቀላ፣ ያኔ ፀጉርህ ይቆማል። እዚህም ያው ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ግጥሙን መስማት ትቼ ትንፋሹን መከተል ጀመርኩ።

ሁሉም ደግሞ አያገሳም። በዚያው ዓመት ዋርድሩና የሚባሉ ኖርዌጂያኖች ነበሩ። ሜታል እንኳን አይደሉም፣ የጥንት መሣሪያ ነው የሚጫወቱት፣ ግን ሜታል ወዳዶች ይሞቱላቸዋል። ዘፋኙ አይናር ሴልቪክ አንድ የእንጨት መሣሪያ ታቅፎ ብቻውን ሲጀምር አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ክራር! እነሱ ላየር ነው የሚሉት፣ የእኛ ክራርና በገናም የዚያው ቤተሰብ ናቸው። ቅኝቱ ሌላ ነው፣ ግን ጣቱ ጅማቱ ላይ ሲያርፍ ያለውን ድምፅ ማንም ሐበሻ አይስተውም። የመንዝ ቅርብ ዘመዴን ሰሜን ባሕር አጠገብ ያገኘሁት መሰለኝ። ያ ሁሉ ሲጮህ የዋለ ሕዝብ ፀጥ ብሎ ነው ያዳመጠው፣ የቢራ ኩባያ ሲረገጥ ይሰማል።

2024 ደረቅ ነበር፣ እግዜር ይስጠው። የዚያን ዓመት የማልረሳው አሞን አማርት ነው። ስዊድናውያን ናቸው፣ ዘፈናቸው ሁሉ ስለ ቫይኪንግ። አንድ ዘፈን ላይ ሕዝቡ መሬት ላይ ቁጭ ይልና አንዱ ካንዱ ኋላ ተደርድሮ መቅዘፍ ይጀምራል። ታንኳ የለም፣ መቅዘፊያ የለም፣ ወንበር የለም፣ አቧራ ላይ ቁጭ ብሎ ወደ ፊት ወደ ኋላ። ከፊቴ ባለ ንቅሳት ሰውዬ፣ ከኋላዬ አንዲት ልጅና አባቷ። እኔ የጣና ታንኳ ትዝ ብሎኝ በሳቅ ሞትኩ፣ አባትየው «ቅዘፊ እንጂ!» ብሎ ተቆጣኝ። ከልቡ ነው።

ስኮርፒየንስንም ያየሁት ያኔ ነው። የሃኖቨር ሰዎች፣ ከ1965 ጀምሮ ያሉ። ክላውስ ማይነ 76 ዓመቱ ነበር፣ አይሮጥም፣ ቆሞ ነው የሚዘፍነው፣ ድምፁ ግን አለ። «ዊንድ ኦፍ ቼንጅ»ን አንተም ታውቀዋለህ። ዘፈኑ ዓለምን ያዳረሰው በ1991 ነው፣ እኛ ጋ ደርግ የወደቀበት ዓመት፣ የእኔ አባት የለውጥ ነፋስ ሲባል እስከ ዛሬ ፊቱን ያጠቁራል፣ ያ ሌላ ወሬ ነው። ከዩክሬን ጦርነት ወዲህ ሞስኮን የሚጠራውን የመጀመሪያውን ስንኝ ቀይረውታል። ሕዝቡ የፉጨቷን ቦታ አብሮ ያፏጫል። ሰማንያ ሺህ ሰው ሲያፏጭ ሰምተህ ታውቃለህ? እንደ ንፋስ ነው፣ ቀልዴን አይደለም።

ሁሉም ጥሩ ነው አልልህም። ስሙን የማልጠራው አንድ ትልቅ ባንድ አለ፣ ለእሱ ብዬ ሦስት ሰዓት ቆምኩ። ኮረሱ ሁሉ ከኮምፒውተር ነው የሚመጣው፣ ዘፋኙ ማይኩን ከአፉ አርቆት እንኳን ድምፁ ይቀጥላል። እሳቱ በየደቂቃው ይተፋል፣ ሙዚቃው ግን የለም። ጓደኛዬ ሰዓቷን አይታ «ሾርባ እንብላ» አለችኝ፣ ሄድን። ትንንሾቹን መድረኮች አትናቅ የምልህ ለዚህ ነው። ከየአገሩ በውድድር አሸንፈው የሚመጡ ባንዶች ድንኳኑ ውስጥ ይጫወታሉ፣ ላባቸው ጠብ ሲል ታያለህ፣ ሃያ ደቂቃ ተሰጥቷቸው የሃያ ዓመታቸውን ያወጡበታል።

ሞሽ ፒት የሚሉት መጋፋት ያስፈራል አይደል? ከውጭ ሲታይ ድብድብ ነው። ጠጋ ብለህ ካየኸው ሕግ አለው። የወደቀ ሰው ካለ ዙሪያው ያለው ሁሉ ክንዱን ዘርግቶ ክብ ይሠራል፣ ሁለት ሰው ያነሳዋል፣ «ደህና ነህ?» ይባላል፣ ይቀጥላል። ጫማ የጠፋበት ሰው ካለ ያገኘው ጫማውን ከፍ አድርጎ ይይዝለታል። አንድ በዊልቸር ያለ ወጣት ከነዊልቸሩ በሕዝቡ እጅ ላይ እስከ መድረኩ ሲሄድ አይቻለሁ። የዊልቸሩን ጎማ ከነኩት እጆች አንዱ የእኔ ነው። እኛ መንከባከቢያ ቤት አንድ ሽማግሌ ከአልጋ ወደ ዊልቸር ለማዛወር የሚሞላ ፎርም አለ፣ እዚህ ሁለት መቶ ሰው ያለ ፎርም አሻገረው። መሞከር ካልፈለግክ ግን ከክቡ ራቅ በል፣ ማንም አይታዘብህም።

ሐበሻ እዛ ምን ይሠራል ላልከው። ጥቁር ሰው ጥቂት ነው፣ አልዋሽህም። አንድ ሰካራም ፀጉሬን ልንካ ብሎኝ ነበር፣ እጁን መለስኩለት፣ ጓደኞቹ እየጎተቱ ወሰዱት። ከዚያ ውጪ «ከየት ነሽ?» ነው፣ ኢትዮጵያ ስል ወይ ቡና ወይ ሩጫ ያነሱልኛል። ደግሞ ሙዚቃው የነጭ ብቻ አይደለም። ስኪንድረድ የሚባሉት የዌልስ ልጆች ዘፋኝ ቤንጂ ዌብ ጥቁር ነው፣ ሬጌን ከሜታል ጋር የሚቀላቅል። እሱ ሲያዝዝ ሕዝቡ ቲሸርቱን አውልቆ በራሱ ላይ እንደ ሄሊኮፕተር ያሽከረክራል። ቦትስዋና ውስጥ ቆዳ ለብሰው የካውቦይ ባርኔጣ የሚያደርጉ ሜታል ወዳዶች አሉ፣ የእነሱው ባንድ ኦቨርትረስት በ2016 ቫከን ላይ ተጫውቷል። እኛም ጃኖ ባንድ አለን፣ «ኤርታሌ»ን በ2012 ሲያወጡ የከበደ ጊታር ከአማርኛ ጋር እንደሚሄድ አሳይተዋል። አንድ ቀን ቫከን መድረክ ላይ ባያቸው አብዳለሁ።

የሰይጣን ነው ለሚሉት ደግሞ፣ አንዳንድ ባንዶች ቀንዱንም መስቀሉንም ለትርዒት ይጠቀሙበታል፣ እኔ እነሱ ሲወጡ ሾርባ ወረፋ እሰለፋለሁ። በሌላ በኩል የአካባቢው ቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች እዚያው ሜዳ ላይ ድንኳን አላቸው፣ የከፋው ሰው ገብቶ ያወራቸዋል። እናቴ ስደውልላት ያለችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ «ፍልሰታን እንዳታፈርሺ!» ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል፣ ቫከን በሁለቱም ዓመት ከዚያ በፊት አልቋል። ረቡዕና ዓርብም ቢሆን የጾም ምግብ ሞልቷል።

እንግዲህ ትሄዳለህ ወይ? የምትወደው አንድ ባንድ እንኳን ከሌለህ 300 ዩሮ ከማውጣትህ በፊት መጀመሪያ ክለብ ውስጥ የ30 ዩሮ ኮንሰርት እይ፣ ካልጣመህ በዚያው ይብቃህ። ከጣመህ ሂድ። የጆሮ መድፈኛ ያዝ፣ የፋርማሲው ይበቃል። ቦቲህን ከደህና ቤት ግዛ። ካልሲ ከምታስበው እጥፍ ይዘህ ሂድ።

በሶም ያዝ። እኔ በ2023 ዝናቡ ምድጃውን አላስነሳ ሲለን በሶ በውኃ ጠርሙስ ውስጥ ጨምሬ፣ ስኳር ጨምሬ በጠበጥኩት። የጎረቤት ድንኳን ሰዎች ከዶርትሙንድ የመጡ አራት ግዙፍ ወንዶች ናቸው፣ «ፕሮቴይን ነው?» አሉኝ። ገብስ ነው አልኳቸው። ቢራም ገብስ ነው ብለው ተቀበሉኝ፣ ጠርሙሱ ሳይመለስ አለቀ። በ2024 ገና ድንኳኔን ሳልተክል ከሩቅ አዩኝና አንዱ ባዶ ጠርሙሱን ከፍ አድርጎ እያውለበለበ መጣ።